በረዶ፥ ናዳና የጌዴኦ ተዳፋት

ኢትዮጵያ የፀሐይ አገር ናት ሲባል የሰማ እንግዳ፥ ስለ በረዶ ከሚናገሩት ጥንታውያን የአፍሪካ ጽሑፎች አንዱ በአዱሊስ ወደብ፥ በአንድ የአክሱም ንጉሥ ዙፋን ላይ ተቀርጾ ይገኝ እንደ ነበረ ቢነገረው ሳይደነቅ አይቀርም። ዙፋኑ የተሠራው ከእብነ በረድ ነበር፤ የድንጋዩ ስም ራሱ የበረድ ደንጊያ ማለት መሆኑን ስናስብ፥ አጋጣሚው ፈገግ ያሰኛል። ዐፄ ካሌብ በስድስተኛው ምእት ዓመት መጀመሪያ ወደ ሒምያር ለመዝመት ሲሰናዱ፥ በዙፋኑ ላይ ያለው ጽሑፍ እንዲገለበጥ የአዱሊስን ገዥ አዘዙ። ገዥውም ሥራውን ኮስማስ ለተባለው የእስክንድርያ ነጋዴና ለጓደኛው ለሜናስ ሰጠ። ዛሬ ዙፋኑ የለም፥ የንጉሡም ስም ከጽሑፉ ራስጌ ጋር ጠፍቷል፤ የነጋዴው ግልባጭ ግን እስከ ዘመናችን ደርሷል።

ንጉሡ በዚያ ጽሑፍ ያስገበሯቸውን ሕዝቦች አንድ በአንድ ይቈጥራሉ። የሰሜን ሰዎች ዘንድ ሲደርሱ ግን፥ ስለ ጠላት ጦር ብዛት ከመናገር ይልቅ ስለ አገሩ ጠባይ ይናገራሉ፦ ታላቁን ወንዝ ተሻግረው የደረሱበት ተራራ ለመውጣት የሚያስቸግር፥ ውርጭና ዐውሎ የማይለየው፥ ሰው እስከ ጕልበቱ የሚሰጥምበት በረዶ የተኛበት መሆኑን ይገልጣሉ። ተከዜን ተሻግሮ ወደ ሰሜን ተራሮች የወጣው ሠራዊት ከሰው ጋር ብቻ ሳይሆን ከሰማይም ጋር ተዋግቷል ማለት ነው።

የግእዝ ሊቃውንት ከሰማይ የሚወርደውን ቀዝቃዛ ነገር ሁሉ በአንድ ቃል አልጠሩትም። በረድ፥ ሐመዳ፥ አስሐትያ ብለው እየለዩ ጽፈዋል። በአማርኛ ግን እንደ ጠጠር የሚወርደውንም፥ እንደ ባዘቶ የሚረግፈውንም፥ በብርጭቆ ውስጥ የሚንሳፈፈውንም በረዶ ብለን ስለ ለመድን፥ ነገሩ ሲጠብቅ ቃሉ ይላላብናል። ከሐመዳ የወረስነው አመዳይ የሚለው ቃል ስላለን፥ በዚህ ጽሑፍ እንደ ባዘቶ የሚረግፈውን አመዳይ እንለዋለን። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በአሥራ ስምንተኛው ምእት ዓመት አገራችንን ጐብኝቶ ሲመለስ፥ በሰሜን ተራሮች አመዳይ አለ የሚለውን ወሬ ክዶ ጽፎ ነበር። ከእርሱ በኋላ የመጣው ሄንሪ ሶልት ደግሞ የብሩስን ቃል አፈረሰ። የአዱሊሱ ንጉሥ ከሁለቱም አስቀድመው ተናግረው ስለ ነበረ፥ ክርክሩ የዘገየ ክርክር ነበር።

ወደ ደቡብ ስንመለስም የበረዶ ታሪክ አናጣም። በባሌ ተራሮች፥ በሳነቴ ላይና በዙሪያው፥ ዛሬ ጅብራና ቀይ ቀበሮ የሚታዩበት አምባ በጥንት ዘመን የማይቀልጥ የበረዶ ግግር ተሸክሞ ይኖር ነበር። እንደ ተመራማሪዎቹ ግምት ግግሩ እጅግ የሰፋው ከ42,000 እስከ 28,000 ዓመት በፊት ባለው ጊዜ ነው። በዚሁ ዘመን ፊንጫ ሐበራ በተባለው፥ ከ3,400 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው የዋሻ መጠለያ ሰዎች ይኖሩ እንደ ነበረም በቍፋሮ ተረጋግጧል፤ ግኝቱ በሳይንስ መጽሔት የታተመው እ.ኤ.አ. በ2019 ነው። ያ ግግር ቀልጦ አልቋል። በአሁኑ ጊዜ በራስ ደጀንም ሆነ በቱሉ ዲምቱ የሚወርደው አመዳይ ሌሊት ነጭ ሆኖ ያድርና ቀትር ላይ ይቀልጣል፤ ከፍ ቢል ጥቂት ቀን ይሰነብት ይሆናል እንጂ ወራት ሙሉ ንብብር በንብብር አይከማችም። ንብብር ስለሌለውም እየተናደ መንደር አይቀብርም።

የበረዶ ናዳ የሚፈጠረው ከዚሁ ንብብር ነው። በአልፕስና በመሰሎቹ ተራሮች አመዳይ የሚወርደው አንድ ጊዜ ብቻ ሳይሆን ክረምቱን ሙሉ በየዐውሎው ነው፤ እያንዳንዱም ዐውሎ የራሱን ንጣፍ ጥሎ ይሄዳል። ከንጣፎቹ አንዱ ደካማ ሊሆን ይችላል፦ በብርድ ሌሊት እንደ ስኳር ቅንጣት የደረቀ፥ ቅንጣቱ ከቅንጣት የማይያያዝ። በዚያ ላይ አዲስ ዐውሎ መጥቶ በአንድ ሌሊት ብዙ አመዳይ ሲጭንበት፥ ነፋሱም ከተራራው ወዲያ ማዶ ያለውን እየጠረገ በዚህኛው ጐን ሲከምረው፥ ደካማው ንጣፍ የሸክሙ ምሰሶ ይሆናል። ተዳፋቱ ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ያዘነበለ ከሆነ፥ የአንድ ሰው እግር እንኳ ምሰሶውን ለመስበር ይበቃል፤ ከመንደር ርቀው በተራራ ሲንሸራተቱ ናዳ ከወሰዳቸው ሰዎች አብዛኞቹን የገደለው ናዳ ራሳቸው ወይም ጓደኞቻቸው የቀሰቀሱት ነው። የተቀበረ ሰው በመጀመሪያዎቹ 15 ደቂቃዎች ውስጥ ከወጣ ብዙውን ጊዜ ይተርፋል፤ ግማሽ ሰዓት ካለፈ ግን ተስፋው እጅግ ያንሳል።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት የኦስትሪያና የኢጣሊያ ሠራዊት በአልፕስ ላይ ሲዋጉ፥ ማርሞላዳ ከተባለው ተራራ ሥር የኦስትሪያ ወታደሮች የሚኖሩበት የእንጨት ሰፈር ተሠርቶ ነበር። ሰፈሩን ጠላት በመድፍ እንዳያገኘው በሚገባ ተከልሏል፤ ከላዩ ያለው ተዳፋት ግን በአመዳይ ተሞልቷል። የጭፍራው አዛዥ አደጋውን ተረድቶ ሰፈሩ ይዛወርልን ሲል ለአለቆቹ ጻፈ፤ አለቆቹም ከለከሉት። ቀን ከሌት አመዳይ ሲወርድ ሰንብቶ አየሩ ሞቅ ባለ ጊዜ፥ ታኅሣሥ 4 ቀን 1909 ዓ.ም. ማለዳ ተራራው ወረደና ከ200 በላይ ወታደሮች በተኙበት ቀሩ። አደጋውን ነጭ ዓርብ ብለው ይጠሩታል፤ ዕለቱ ግን ረቡዕ ነበር። በቀኑ ስም የተሳሳተው ትውልድ የደብዳቤውን ነገር ግን አልረሳውም፤ እኛም ለመሥሪያ ቤት ሰዎች ከሚነገሩ ታሪኮች ሁሉ ይህን የሚያህል ጥቂት ነው እንላለን።

ከዚያ በፊት ከአምስት መቶ ዓመታት በላይ ቀደም ብሎ፥ በስዊስ ተራሮች መካከል ያለ አንደርማት የሚባል መንደር ሌላ ዓይነት ወረቀት ጽፎ ነበር። ከመንደሩ በላይ ባለው ገደላማ ተዳፋት ላይ ከደኑ የቀረው ትንሽ ነበር፤ ያም ትንሽ ደን አመዳዩን በየግንዱ እየያዘ ያስቀረዋል። እ.ኤ.አ. በ1397፥ በአገራችን የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ አባት ዐፄ ዳዊት በነገሡበት ዘመን መሆኑ ነው፥ የመንደሩ ሰዎች ከዚያ ደን ማንም ቅርንጫፍ እንኳ እንዳይወስድ በሰነድ ከለከሉ። የሚንሸራተተውን ነገር ከጀመረ በኋላ የሚያቆመው የለም፤ ከመጀመሩ በፊት ግን ዛፍ ሊይዘው እንደሚችል ያውቁ ነበር። የተከለከለ ደን የሚባለው ሥርዐት ከዚያ ወዲህ በአልፕስ አገሮች ሁሉ ተስፋፍቷል።

ከአንደርማት ወደ ባንኮ ጎቲቲ የምንሻገረው በዚህ ደን በኩል ነው። ባንኮ ጎቲቲ በጌዴኦ ዞን፥ በገደብ ወረዳ፥ ባሕር ጠለል በ2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሚገኝ፥ ቡናው በባሕር ማዶ በስሙ የሚጠራ አገር ነው። በዚያ አመዳይ አይወርድም፤ ተዳፋቱ ግን አለ፥ ዝናሙም ከመጋቢት ጀምሮ እስከ ጥቅምት ድረስ፥ በመካከሉ ጋብ ቢልም፥ ይመላለሳል። ናዳ የሚባለው ነገር ሕጉ በአፈርም በአመዳይም ያው ነው፦ ተዳፋት፥ ሸክም፥ ከሸክሙ በታች ያለ ደካማ ንጣፍ፥ ከዚያም ትንሽ ምክንያት። በደቡብ ደጋዎቻችን ደካማው ንጣፍ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ለዘመናት በበሰበሰ የእሳተ ገሞራ አለትና በላዩ በተኛው ወፍራም ቀይ አፈር መካከል ነው። ዝናም ለቀናት ሳያቋርጥ ሲዘንም ውኃው እስከዚያ ድረስ ይሰርጋል፤ አፈሩን ከማክበዱም በላይ በቅንጣቶቹ መካከል ገብቶ ያላቅቃቸዋል። ለመንገድ ወይም ለቤት መሥሪያ ተብሎ የተዳፋቱ እግር የተቈረጠ እንደ ሆነ፥ ተራራው የሚቆምበት አጣ ማለት ነው። አንድ የአገራችን የመሬት ሳይንስ ሊቅ ባደረጉት ጥናት፥ እ.ኤ.አ. ከ1993 እስከ 1998 ባሉት ጥቂት ዓመታት ብቻ የመሬት ናዳ በኢትዮጵያ 300 ያህል ሰው መግደሉን፥ ከ200 በላይ መኖሪያ ቤት ማፍረሱንና ከ100 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ መንገድ ማበላሸቱን ጽፈዋል።

እንግዲህ የጌዴኦን ምድር ያየ ሰው ሊጠይቅ የሚገባው፥ ይህ አገር እንዴት ሳይናድ ቆመ ብሎ ነው። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ በዞኑ 847,434 ሰው ተቈጥሯል። ይህ በካሬ ኪሎ ሜትር 700 ያህል ሰው ማለት ሲሆን፥ ከዚያን ጊዜው የአገሪቱ አማካይ አሥር እጥፍ ይሆናል። አገሩም ከስምጥ ሸለቆው ምሥራቃዊ ጠርዝ ላይ የተንጠለጠለ ገደላ ገደል ነው። በሌላ ስፍራ ይህን ያህል ሰው በዚህ ያህል ተዳፋት ላይ ቢያርስ፥ አፈሩ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ተጠርጎ ወደ ቆላ በወረደ ነበር።

ምሥጢሩ ጌዴኦዎች ምድራቸውን ራቁቷን አለማስቀረታቸው ነው። ከላይ ዋንዛው፥ ብርብራው፥ ብሳናው፥ ዝግባው የዝናሙን የመጀመሪያ ምት ይቀበላል። ከዛፎቹ ሥር የሰው ቁመት እጥፍ የሚሆን እንሰት ሰፊ ቅጠሉን ዘርግቶ የተረፈውን ይቀበላል፤ ከእንሰቱ ሥር ቡናው፥ ከቡናው ሥር ጎመኑና ቅጠላ ቅጠሉ፥ ከሁሉም በታች የረገፈው ቅጠል አለ። ጠብታው አፈር ላይ ሲደርስ ጕልበቱን ጨርሷል። እንሰት እንደ ስንዴ በአንድ ቀን የሚታጨድ አይደለም፤ ለመድረስ ብዙ ዓመት ይፈጃል፥ በአንድ ጓሮም የዘንድሮው ችግኝ፥ የሦስት ዓመቱና የደረሰው ተቀላቅለው ይቆማሉ። አንዱ ለቆጮ ሲነቀል ጎረቤቶቹ ሥራቸውን አጠላልፈው አፈሩን እንደ ያዙ ይቀራሉ። ማረሻ የሚገለብጠው ሰፊ ማሳ ስለሌለ፥ መሬቱ ልብሱን አውልቆ የሚታይበት ወር የለም።

ይህ ልማድ ምን ያህል ዘመን እንዳስቈጠረ የሚያጠኑ ሰዎች በየጊዜው ወደ ኋላ እየሄዱ ነው። የአገሩ ተወላጅ ምሁር ታደሰ ኪጴ ካንሼ እ.ኤ.አ. በ2002 ያቀረቡትን ጥናት፥ የአምስት ሺህ ዓመት ዘላቂነትን የሚናገር ርእስ ሰጥተው፥ ከቃሉ ቀጥሎ የጥያቄ ምልክት አኑረውበታል። ያን የጥያቄ ምልክት እንወደዋለን፤ የጥንቃቄ ምልክት ነውና። በሸንተረሮቹ ላይ የቆሙት ትክል ድንጋዮች ደግሞ የራሳቸውን ምስክርነት ይሰጣሉ። ጨልባ ቱቱቲና ቱቱ ፈላ በብዙ ሰው ዘንድ የታወቁ ናቸው። አባ አዛይስ የተባሉት ፈረንሳዊ ካህን በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. የደቡብን ትክል ድንጋዮች እየዞሩ መዝግበዋል። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት ደግሞ በሳካሮ ሶዶ የሚገኙት ድንጋዮች በመጀመሪያው ምእት ዓመት ገደማ የቆሙ መሆናቸውን አሳይቷል፤ ይህም ቀድሞ ከሚገመተው በአንድ ሺህ ዓመት ያህል ይቀድማል። ድንጋይ አቋሚዎቹ የዛሬዎቹ ጌዴኦዎች አባቶች ይሁኑ ወይም ከእነርሱ በፊት የነበሩ፥ የኋለኞቹ ሽማግሌዎች ድንጋዮቹን አክብረው ጠብቀዋል።

አንደርማት በብራና የጻፈችውን ጌዴኦ በቃልና በሸንጎ ጽፎታል። ባሌ በሚባለው የገዳ ሥርዐት ሥር የየሰፈሩ ሶንጎ፥ ማለት የሽማግሌዎች ሸንጎ፥ ነገር ያያል፥ ይፈርዳል። በተዳፋቶቹ መካከል ለጸሎትና ለሥርዐት የተለዩ ደኖች አሉ፤ በእነዚያ ደኖች መጥረቢያ ማንሣት ነውር ነው። የስዊሱ መንደር ከበረዶ ናዳ ሊድን ሲል ደኑን ከለከለ፤ የጌዴኦ ሽማግሌ ደኑን የከለከለው ቅዱስ ስለሆነ ነው፤ ሥሩ ግን ለሁለቱም አንድ ሥራ ይሠራል። የዓለም ቅርስ ጉባኤ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በሪያድ ተሰብስቦ የጌዴኦን ባህላዊ መልክዐ ምድር በመዝገቡ ሲያሰፍር፥ ዛፉን፥ እንሰቱን፥ የተከበረውን ደንና ድንጋዩን በአንድነት መቀበሉ ትክክል ነበር፤ አንዱን ከሌላው ለይቶ መጠበቅ አይቻልምና።

ይህ ሲባል ታሪኩ ሁሉ የሰላም ታሪክ ነበር ማለታችን አይደለም። በ19ኛው ምእት ዓመት መጨረሻ አገሩ በማዕከላዊው መንግሥት ሥር ከገባ በኋላ፥ ቡናው ገበያ ሲያገኝ መሬቱም ባለቤት ነኝ ባይ በዛበት። የባለ መሬትና የጢሰኛ ጠብ እየከረረ ሄዶ እ.ኤ.አ. በ1960 በሚጪሌ ደም አፈሰሰ። በ1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ደግሞ የገጠርን መሬት የሕዝብ አደረገ። በወረቀት ላይ ጌታው ሲለዋወጥ፥ በተዳፋቱ ላይ እንሰቱን የሚተክለው እጅ ያው የገበሬው እጅ ሆኖ ቀረ።

ከዚህ ሁሉ የሚብስ ሸክም የመጣው በ2010 ዓ.ም. ነው። በሚያዝያና በሰኔ በተነሣው ግጭት ከጌዴኦና ከምዕራብ ጉጂ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው ከቤቱ ተፈናቀለ። ከተፈናቃዮቹ ብዙዎቹ በገደብ ወረዳ፥ በጎቲቲም ጭምር፥ በዝናም ወራት በጊዜያዊ መጠለያ ሰፈሩ። አንድ ተዳፋት በድንገት የብዙ ሺህ ሰው ማደሪያ ሲሆን፥ ማገዶውም ምሰሶውም ከዚያው ተዳፋት ይወጣል፤ የተራበንና የበረደውን ሰው ዛፍ አትቍረጥ የሚል ሕግም ሆነ ሽማግሌ የለም። ከዚህ ሌላ፥ ፀጥ ብሎ የሚሠራ ለውጥ አለ፦ ፈጥኖ ገንዘብ ያመጣል ተብሎ በእንሰቱ ቦታ የሚገባው ጫትና በነባሩ ዛፍ ቦታ የሚቆመው ባሕር ዛፍ። ገበሬውን በዚህ መውቀስ ቀላል ነው፤ ልጁን ትምህርት ቤት የሚያስገባበትን ገንዘብ ከወዴት እንደሚያመጣ መናገር ግን ከባድ ነው።

ልብስ የለበሰ ተዳፋትም ቢሆን ፈጽሞ አይናድም ማለት አይቻልም። የእንሰት ሥር ላይ ላዩን ያለውን አፈር ይይዛል፥ የዛፍ ሥርም ከእርሱ ጠለቅ ይላል፤ ደካማው ንጣፍ ከሁለቱም በታች በጥልቀት ሲሆን ግን ተራራው ከነዛፉ ቆሞ ሊሄድ ይችላል። ጌዴኦ ዞን ባለበት በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል፥ በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ በተባለው ቀበሌ የደረሰውን ማንም አይረሳውም። ከከባድ ዝናም በኋላ የወረደው የመጀመሪያው ናዳ ጥቂት ቤተሰቦችን ቀበረ። ጎረቤቱ ሁሉ አካፋና ዶማ ይዞ፥ ብዙውም በባዶ እጁ፥ የተቀበሩትን ለማውጣት ሮጠ። ሰኞ ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. ጧት ሲቈፍሩ ሳሉ ሁለተኛው ናዳ ከላይ ወረደባቸው። ከሞቱት ከ200 በላይ ሰዎች ብዙዎቹ ሊረዱ የመጡ ነበሩ፤ ከቀበሌው ሹማምንት፥ ከመምህራንና ከጤና ሠራተኞችም ይገኙባቸዋል። ባገራችን ጎረቤት ሲጮኽ አለመድረስ ነውር ነው፤ ናዳው በዚህ በጎ ልማድ በኩል ገባ።

የአመዳይ አገር ሰዎች ይህንኑ በብዙ ሞት ተምረዋል። ለማዳን የሚገባ ቡድን አስቀድሞ ከላይ የቀረውን ያያል፤ ሰዎቹ ሲቈፍሩም አንድ ሰው ሳይቈፍር ዓይኑን ወደ ተዳፋቱ ተክሎ ይቆማል፥ የሚሸሹበትንም አቅጣጫ ሁሉም ቀድመው ያውቁታል። አፈር ከአመዳይ ይልቅ ምልክት የሚሰጥበት ጊዜ ስላለ፥ ይህ በእኛ ዘንድ ይበልጥ ይቻላል፦ ከተዳፋቱ ራስ ላይ እንደ ቅስት የሚከፈት ስንጥቅ፥ ያለ ነፋስ የሚያዘነብል ዛፍ፥ ጠርቶ ይፈስ የነበረ ምንጭ በድንገት መደፍረሱ ወይም ከዚህ ቀደም ባልነበረበት ቦታ መፍለቁ። የደፈረሰውን ምንጭ ቀድማ የምታየው እንስራዋን ይዛ የወረደችው ሴት ናት፤ ስንጥቁን ቀድሞ የሚያየው ከብት ጠባቂው ልጅ ነው። ከእነርሱ እስከ ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ያለው መንገድ አጭር ነው፤ ከጽሕፈት ቤቱ ወዲያ ያለው መንገድ ግን የማርሞላዳውን አዛዥ ደብዳቤ ያስታውሰናል።

በባንኮ ጎቲቲ ቡናው ተለቅሞ፥ ታጥቦ፥ ከማድረቂያው አልጋ ላይ ተነሥቶ የሚያልቀው ዝናሙ ሳይመለስ ነው። በየካቲት ሰው እፎይ ይላል፥ ሽማግሌዎችም ለሶንጎ ጊዜ ያገኛሉ። ከየሰፈሩ በላይ ያለውን ተዳፋት ማን ዞሮ ይይ፥ የጩኸት ድምፅ በተሰማ ጊዜ ማን ይቈፍር፥ ማንስ ሳይቈፍር ወደ ላይ እያየ ይቁም ብሎ ለመመካከር ያለው ጊዜ ይኸው ነው፤ በመጋቢት ዝናሙ ይጀምራል።